እናቴ የምትወስደውን መድኃኒት ላስቁማት ወይ?

ይህ ደብዳቤ ሐምሌ 13 ቀን ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት መምህርት ስትሆን፣ ስሟ እንዳይወጣ በጠየቀችው መሠረት ትተነዋል፤ ደብዳቤዋንም በጥቂቱ አሳጥረነዋል።

«ውድ ሲስተር፣ አባቴ ባለፈው ጥቅምት ካረፈ ወዲህ የ58 ዓመት እናቴ እንደ ቀድሞዋ አይደለችም። ተስካሩ ከወጣ በኋላ ይሻላታል ብለን ስንጠብቅ ጭራሽ ከቤት መውጣት ተወች። ከማኅበሯ ቀረች፤ እንዝርቷን ከነካች ወራት ሆኗታል፤ ምግብ ሲቀርብላት ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሳ ትገፋዋለች። ብርዱ ስለሚበረታ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ትተኛለች፤ ሌሊት 9 ሰዓት ግን ነቅታ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። በየካቲት ጤና ጣቢያ ሄደን ባለ 5 ሚሊግራም ዳያዜፓም ማታ ማታ አንድ ፍሬ ለ10 ቀን ተሰጣት። እንቅልፍ ስለወሰዳት ደስ ብሎን፣ ሲያልቅ ከአንድ መድኃኒት ቤት እየገዛን እስካሁን ቀጠልን። አሁን አሁን አንዱ ፍሬ አይበቃትም፤ አንዳንድ ቀን ሁለት ትወስዳለች። ከ12 ቀን በፊት ደብረ ብርሃን ወስጃት የአእምሮ ሐኪሙ ድባቴና ጭንቀት እንደሆነ ነግሮን፣ ባለ 25 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ እንድትወስድ አዘዘላትና በወሩ ቀጠረን። ዳያዜፓም እንደምትወስድ አልነገርነውም። እስካሁን ለውጥ የለም፤ አፏ ይደርቃል፣ ስትነሣ ያዞራታል። ጎረቤቶቻችን ‹ይኼ የእብድ መድኃኒት ነው፣ አንዴ ከለመደችው አይለቃትም፣ ያ የእንቅልፉ ይሻላል› ይሉናል። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ደግሞ ለፍልሰታ ጻድቃኔ ማርያም ወስዷት ሱባኤ እንድትገባና ክኒኑን ሁሉ እንድትጥል ይፈልጋል። እሱ ራሱ በወጣትነቱ አማኑኤል ሆስፒታል ተኝቶ ሊትየም የሚባል መድኃኒት ለዓመታት ወስዷል፤ ያዳነኝ ግን ጸበሉ ነው ይላል። ባለፈው ሳምንት እናቴ ‹ምነው እሱን በወሰደ ጊዜ እኔንም በወሰደኝ› አለችኝ። የትኛውን መድኃኒት ላስቁማት? እኔስ ነርስ አይደለሁ፤ ቤት ውስጥ እንዴት አድርጌ ላስታምማት?»

ውድ እኅቴ፣

ለጥያቄሽ አጭሩ መልስ፣ ሐኪሙን ሳታማክሪ ከሁለቱ አንዱንም አታስቁሚ የሚል ነው። ረጅሙ መልስ የሚጀምረው ግን ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ከማወቅ ነው። ጎረቤቶቻችሁ «አይለቃትም» ብለው የሚፈሩት አሚትሪፕቲሊን ሱስ አያስይዝም፤ «ይሻላል» ብለው የሚያምኑት ዳያዜፓም ግን ሰውነት ከለመደው በኋላ በቀላሉ የማይላቀቁት ነው። እንዲህ ያለውን የተገለባበጠ እምነት በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከአስታማሚዎች ስሰማው ኖሬአለሁ፤ አልፈርድባቸውም፣ ምክንያቱም ዳያዜፓም በዋጡት ሌሊት ያስተኛል፣ ሌላው ግን ሳምንታት ያስጠብቃል።

ስለ ክኒኖቹ ከመጻፌ በፊት እናትሽ «ምነው እኔንም በወሰደኝ» ያሉትን ላስቀድም። ይህ ቃል በአገራችን ከሐዘንተኛ አፍ ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ አብዛኛውን ጊዜም የናፍቆት ቃል ነው፤ ነገር ግን ምግብ ከሚገፉ፣ ከማኅበራቸው ከቀሩና ሌሊቱን ቁጭ ብለው ከሚያነጉ ሰው ሲወጣ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ሁለታችሁ ብቻ በሆናችሁበት ሰዓት፣ ረጋ ብለሽ፣ «እማዬ፣ መሞትን ታስቢያለሽ ወይ? ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያቸው። መጠየቅሽ ያልነበረ ሐሳብ አያመጣባቸውም፤ እንዲያውም ብዙ ሕሙማን የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ሸክማቸው ቀለል ይላቸዋል። መልሳቸው «አዎ» ከሆነ ብቻቸውን አትተያቸው፣ ቀጠሮም አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰጃቸው። መልሳቸው «የለም» ቢሆን እንኳ ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒቶቹ ሁሉ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይግቡ፣ ቁልፉም ካንቺ አይለይ፤ የእርሻ ጸረ ተባይ ኬሚካል በቤት ካለም ከቤት ይውጣ። ሐኪሙንም መድኃኒቱን የወር በአንድ ጊዜ ከሚያዝላችሁ በየሁለት ሳምንቱ እንዲያደርገው ጠይቂው። አሚትሪፕቲሊን በታዘዘው ልክ ሲወሰድ የሚረዳውን ያህል፣ ከልክ በላይ ሲወሰድ የልብን ምት ስለሚያዛባ፣ ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ባይከማች ይሻላል።

አሁን ወደ ዳያዜፓም ልመለስ። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። አንጎል ውስጥ በተፈጥሮ ያለውን የማረጋጋት ሥራ ያበረታል፤ ስለዚህ ጭንቀትን ያበርዳል፣ ጡንቻን ያላላል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ የሚጥል በሽታ አልቆም ሲልም ሕይወት ያድናል። ችግሩ አንጎል ቶሎ የሚለምደው መሆኑ ነው። በተከታታይ ሲወሰድ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የትናንቱ መጠን የዛሬውን እንቅልፍ ማምጣት ያቅተው ይጀምራል፤ ለ10 ቀን ብቻ የታዘዘበት ምክንያትም ይኸው ነው። እናትሽ ከአንድ ፍሬ ወደ ሁለት የተሸጋገሩት ጠባያቸው ስለደከመ ወይም ሕመማቸው ስለጸና ላይሆን ይችላል፤ አምስት ወር ሙሉ ማታ ማታ በወሰደ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጤና ጣቢያ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ባወጣው መመሪያም፣ የቅርብ ሰው ሞቶባቸው ላዘኑ ሰዎች ዳያዜፓምንና መሰሎቹን መስጠት አይመከርም። ያለ ማዘዣ የሸጠላችሁ መድኃኒት ቤትም ማድረግ ያልነበረበትን አድርጓል፤ ዳያዜፓም ቁጥጥር የሚደረግበት፣ በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነውና።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ጊዜ የተዋጠው ዳያዜፓም ግማሹ ብቻ ከደም እስኪወጣ ድረስ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። የዛሬው ፍሬ የሚዋጠው የትናንቱና የትናንት ወዲያው ገና ሳያልቅ ነው ማለት ነው። ጠዋት የሚያደነዝዛቸው፣ የሚረሳሱ፣ እግራቸው የሚከብዳቸው ከሆነ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ ጭቃና ጭጋግ፣ ሌሊት ወደ ውጭ መጸዳጃ ብቻቸውን ሲወጡ ደጃፉ ላይ መውደቅ እንዳይመጣ እሰጋለሁ፤ በዚህ ዕድሜ የተሰበረ የዳሌ አጥንት ቀላል ነገር አይደለም። ማታ ማታ ጎናቸው የሚቀመጥ መጸዳጃ ዕቃ ብታዘጋጂላቸው ወይም አብረሻቸው ብትወጪ መልካም ነው። በደብዳቤሽ ባትጠቅሺውም፣ ለብርዱ ተብሎ የሚቀመሰው አረቄ ከዳያዜፓም ጋር ከተገናኘ ትንፋሽን እስከማዳከም ሊደርስ ይችላል። ትራማዶልም እንዲሁ ነው፤ ለወገብ ወይም ለጉልበት ሕመም ተብሎ ከሰው እጅ የተሰጣቸው ፍሬ ካለ አስጥያቸው፣ ለሐኪሙም ንገሪው።

እንግዲህ ለምን ዛሬውኑ አቁሚው አልልሽም? አምስት ወር የተወሰደ ዳያዜፓም በአንድ ቀን ሲቋረጥ፣ ለምዶት የነበረው አንጎል በአንዴ ይነሣበታል። እንቅልፍ ፈጽሞ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ጭንቀቱ ከመጀመሪያውም ይብሳል፤ አንዳንዱን ሰው እንደ የሚጥል በሽታ እስከ መጣል ያደርሰዋል። መድኃኒቱ ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ ይህ ሁሉ በማግስቱ ሳይሆን ከብዙ ቀን በኋላ ሊመጣ ይችላል። አጎትሽ እንዳሰቡት ሁለቱም ክኒኖች የሱባኤው ዕለት ቢጣሉ፣ እናትሽ በጾምና በብርድ መካከል፣ ከሐኪም በራቁበት ቦታ፣ ይህ ሊነሣባቸው ነው፤ ያየ ሰው ሁሉም «በሽታው ተገለጠ» ይላል እንጂ የመድኃኒቱ መቋረጥ መሆኑን አያውቅም። ትክክለኛው መንገድ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ብዙ ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ከሚወሰደው መጠን ከሩብ ያልበለጠ እየተቀነሰ፣ ሰውነት ሲረጋጋ ወደሚቀጥለው እየታለፈ፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ሐኪሙ ነው። ያንቺ ድርሻ እስከዚያው መጠኑ ከዚህ በላይ እንዳያድግ መጠበቅና እውነቱን መንገር ነው።

እውነቱን መንገር ስል፣ ዳያዜፓሙን ለሐኪሙ አለመንገራችሁን ማለቴ ነው። ከማዘዣ ውጭ ስለገዛችሁት አፍራችሁ ይሆናል፤ እረዳሻለሁ። ነገር ግን ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ያዘዘው እናትሽ ሌላ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንደማይወስዱ አስቦ ነው። ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፤ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ከመቀመጫ ሲነሡ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ማዞሩ የአንዱ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ድምር ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ መጠኑን ከፍ ቢያደርግላቸው አደጋውን አብሮ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የወሩን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ውሰጃቸው፤ መንገዱ ካልተመቸ ቢያንስ አንቺ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደሽ ሁሉንም ተናግረሽ፣ ባለሙያው ለሐኪሙ በስልክ እንዲያማክር አድርጊ።

አሚትሪፕቲሊን ሥራውን የሚጀምረው በዝግታ ነው። በድባቴ ላይ ውጤቱ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሙሉው ጥቅም እስኪታይ ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። 25 ሚሊግራምም ብዙ ጊዜ መነሻ መጠን ነው፤ ሐኪሙ ሁኔታቸውን እያየ የሚያሳድገው። 12 ቀን ላይ ሆኖ «አልሠራም» ማለት ገና ነው። ክፋቱ፣ ጥቅሙ ከመምጣቱ በፊት የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል፤ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለውም በእነዚህ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ውስጥ ነው። መጀመሪያ የምታዪው ለውጥ ምናልባት እንቅልፋቸው ላይ፣ ቀጥሎ ምግባቸው ላይ ይሆናል። እሳቸው «ምንም የለም» እያሉሽ፣ አንቺ ግን አንድ ቀን ከሦስት ጉርሻ ይልቅ ግማሽ እንጀራ መብላታቸውን ልታስተውዪ ትችያለሽ። እሱን ጻፊው።

ለአፋቸው መድረቅ ውኃ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። ይህ መድኃኒት ሆድ ስለሚያደርቅ ተልባና በሶ ደግ ናቸው፤ ሆዳቸው ሳይወጣ ሦስት ቀን ካለፈ ለጤና ባለሙያ ንገሪ። ለማዞሩ፣ ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እግራቸውን ወደ መሬት አውርደው ጥቂት ይቆዩ፣ ከዚያ ክንዳቸውን ይዘሽ ይነሡ። ሽንት መሽናት ካቃታቸው፣ ዓይናቸውን አሟቸው እይታቸው ከደበዘዘ፣ ልባቸው ያለ ልክ ከመታ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን የሚጠበቅ ቀን የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ነው። ከዚህ ቀደም የልብ ወይም የዓይን ግፊት ሕመም ካለባቸውም ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ጠዋት የሚወሰደው ፍሎክሰቲን ወይም ሌላ መድኃኒት ሊሻል ይችላል። መሻላቸውን ሲያገኙ ደግሞ «ዳንኩ» ብለው ወዲያው እንዳይተዉት፤ ከተሻላቸው በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥሉት ይመከራል፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው። በድንገት ሲቋረጥ ጥቂት ቀን ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ሊኖር ይችላል፤ ሰው ግን አሚትሪፕቲሊን አማረኝ ብሎ መጠን እየጨመረ አይሄድም፣ ሱስ አይደለም የምልሽም ለዚህ ነው።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብሁት ስለ አጎትሽ የጻፍሽውን ነው። አንቺ የጠቀስሽው ስለ ጸበሉ ክርክር ስትነግሪኝ ነው፤ ለእናትሽ ሕክምና ግን ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ ምናልባት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሊትየም አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ጥቅሙን ካሳወቀ ጀምሮ በዋናነት የሚሰጠው ስሜታቸው አንዴ ወደ ላይ ከልክ በላይ ለሚነሣ፣ አንዴ ወደ ታች ለሚወድቅ ሰዎች ነው፤ ይህ ሕመም ባይፖላር ይባላል፣ በቤተሰብም የመሄድ ጠባይ አለው። አጎትሽ ይህ ኖሮባቸው ከሆነ፣ የእናትሽም ድባቴ የዚሁ ሕመም ታችኛው ጫፍ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። እርግጥ ላይሆንም ይችላል፤ ባል የሞተባት ሴት በድባቴ ብትወድቅ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን የተደበቀ ባይፖላር ያለበት ሰው አሚትሪፕቲሊን ብቻውን ሲወስድ ስሜቱ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሊገለበጥበት ይችላል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ሊጠነቀቅለት አይችልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊ። በመጀመሪያ እናትሽን በወጣትነት ከሚያውቁ ትልልቅ ዘመዶች ጠይቂ፤ እንቅልፍ ሳያስፈልጋቸው ለቀናት ሲሠሩ የዋሉበት፣ ሳያቋርጡ የተናገሩበት፣ የቤቱን እህል ወይም ከብት አውጥተው ለሰው ያከፋፈሉበት፣ ከጠባያቸው ውጭ የተቆጡበት ዘመን ነበረ ወይ? ሁለተኛ፣ ከአሁን ወዲያ ራስሽ ተከታተዪ። እናትሽ ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝተው ድካም የማይሰማቸው፣ በድንገት ተናጋሪና ባለብዙ ዕቅድ የሆኑ እንደሆነ፣ «እሰይ፣ ዳነች» ብላችሁ እንዳትደሰቱ፤ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። በሐዘን የወደቀ ሰው ሲድን ቀስ እያለ፣ እንቅልፉም እየረዘመ ነው የሚድነው።

አጎትሽን አክብሪያቸው እንጂ አትከራከሪያቸው፤ ሕመምን የሚያውቅ ሰው ናቸውና ደጋፊሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ዛሬም ሊትየም የሚወስዱ ከሆነ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። በጾም ውኃ መቀነስ፣ ሸዋ ሮቢት ባለው ዓይነት የቆላ ሙቀት ላብ መብዛት፣ ወይም ለሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መውሰድ ሊትየምን በደም ውስጥ ወደ መርዝ ደረጃ ሊያወጣው ይችላል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ሲብስ፣ ተቅማጥና መንገዳገድ ሲጀምር ምልክቱ ነው።

ስለ ጸበሉም በዚሁ ልቀጥል። እናትሽ በእመቤታችን ጾም ጻድቃኔ ሄደው ሱባኤ ቢገቡ እኔ የምቃወምበት ምክንያት የለኝም፤ ከቤት መውጣት ላቆመ ሰው፣ ከሰው ጋር መጸለይና ማልቀስ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አሚትሪፕቲሊን የሚወሰደው ማታ ስለሆነ፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ የሚዋጥ ነውና ከጾሙም አይጋጭም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጸበሉ ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በ1999 ዓ.ም. በይፋ መናገራቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ ለአጎትሽ ይህን ብታነሺላቸው ከእኔ ቃል ይልቅ ይሰሟቸው ይሆናል። ስለ ጾሙና ስለ ምግቡ ደግሞ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ፈቃድ አላት፣ እናትሽ ደግሞ ሰውነታቸው የተጎዳ ነው። ቀጠሯችሁ በወሩ ከሆነ ነሐሴ 1 ቀን፣ ማለት ፍልሰታ በሚገባበት ዕለት ይውላል፤ አስቀድማችሁ በዚህ ሳምንት ሐኪሙን ካያችሁ በኋላ ወደ ሱባኤው ብትሄዱ ሁለቱም ሳይጓደሉ ይፈጸማሉ። እዚያም አብሯቸው የሚያድር ሰው ይኑር፤ መድኃኒቱን እሱ ይያዝ፤ ገና ሳይነጋ በቀዝቃዛው ጸበል ሲጠመቁ የሚያዞራቸው ሰው ናቸውና ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው ይጠመቁ።

«ነርስ አይደለሁ» ብለሻል። የአእምሮ ነርስ ሌሊት ምን እንደሚሠራ ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ። በተኝቶ መታከሚያ ክፍል ስሠራ፣ በየሰዓቱ በእግሬ ጣት እየተራመድሁ እያንዳንዱ አልጋ ዘንድ እደርስ ነበር፤ የተኛውን «ተኝቷል»፣ የነቃውን «ነቅቷል» ብዬ በወረቀት አሰፍራለሁ። ከእለታት አንድ ቀን አንዲት ባናቸውን እስከ አንገታቸው የተከናነቡ እናት ጠዋት «ዓይኔን ሳልከድን አነጋሁ» አሉኝ፤ ወረቀቴ ላይ ግን አምስት ሰዓት ተኝተው ነበር። ውሸት አልነበረም የነገሩኝ። በድባቴ የተያዘ ሰው የነቃበትን ሰዓት እንጂ የተኛበትን አያስታውስም። ለሐኪሙም ያቀረብንለት ሁለቱንም ነበር፣ የእሳቸውን ቃልና የወረቀቱን። አንቺም አንድ ደብተር ያዢ፤ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ስንት ሰዓት እንደነቁ፣ ቀን ያንቀላፉ እንደሆነ፣ ምን እንደበሉ፣ የትኛውን ክኒን በስንት ሰዓት እንደዋጡ። ክኒኑን ራስሽ መዳፋቸው ላይ አኑሪላቸው፣ ውኃውን ስጫቸው፣ መዋጣቸውን እይ፣ ከዚያ ጻፊ።

እንቅልፋቸውን በተመለከተ አንድ ነገር አስተውያለሁ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ተኝተው ሌሊት 9 ሰዓት ቢነቁ፣ አልጋ ላይ ሰባት ሰዓት ተኩል ቆይተዋል ማለት ነው። ከንጋት በፊት መንቃት የድባቴ ምልክት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመንዝ ብርድ ሸሽቶ በጊዜ አልጋ የገባ ጤነኛ ሰውም በዚያው ሰዓት ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ የመኝታቸውን ሰዓት ቀስ እያደረግሽ ወደ 3 ሰዓት ውሰጂው፤ ምድጃው ዳር ባና ለብሰው፣ አንቺ ፈተና እያረምሽ፣ አብራችሁ አምሹ። አሚትሪፕቲሊኑንም ከመኝታቸው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም አድርገሽ ስጫቸው። ጠዋት ግን ቢተኙም ባይተኙም 12 ሰዓት ተኩል ይነሡ፣ ቀን አያንቀላፉ፣ ጭጋጉ ሲገፍፍ ደጅ ፀሐይ ላይ ይቀመጡ። ቡናውን ወደ ጠዋት አምጪው፤ 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶናና በረካውን የጠጣ ሰው፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ያህል ገና በደሙ ውስጥ አለ። ሌሊት 9 ሰዓት ነቅተው ስታገኚያቸው «ምነው አትተኚም?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ አጠገባቸው ተቀመጪ፣ መብራትና ስልክ ሳትከፍቺ፣ ጸሎታቸውን ቢያደርሱ አዳምጪ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ወደ አልጋ ይመለሱ።

እንዝርታቸውንም አውጪው። «ፍተዪ» አትበያቸው፤ ጥቂት የበግ ጸጉር አዘጋጅተሽ አጠገባቸው አኑሪና «እማዬ፣ አጀማመሩን አሳዪኝ» በያቸው። ድባቴ ሰው ፍላጎቱ እስኪመጣ እንዲጠብቅ ያደርገዋል፤ በሕክምናችን የምናየው ግን ብዙ ጊዜ ሥራው ቀድሞ ፍላጎቱ የሚከተል መሆኑን ነው። አምስት ደቂቃ ፈትለው ቢተዉት ይበቃል። የማኅበራቸው ሴቶችም ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ይምጡ፤ ምክር ይዘው ሳይሆን ቡና ይዘው። ከእነሱ አንዷ በሳምንት ሁለት ሌሊት አብራቸው ብታድር አንቺ ትተኛለሽ፤ ቀን ስታስተምሪ ውለሽ ሌሊት 9 ሰዓት የምትነቂው አንቺም ነሽና፣ ይህን እንደ ቅንጦት አትቁጠሪው።

ሐኪሙ ዘንድ ስትገቢ የሁለቱንም ክኒን ማሸጊያ፣ ሌላም ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት ካለ በአንድ ፌስታል ጠቅልለሽ፣ ደብተሩን ከላይ አድርገሽ ይዘሽ ግቢ። መጀመሪያ ስለ ዳያዜፓሙ፣ ቀጥሎ ስለ አጎትሽ ሊትየም፣ ከዚያ እናትሽ ስለ ሞት ስላሉት ተናገሪ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያስፈልጋቸው እንደሆነም ጠይቂው፤ ሁለቱም ድባቴ የሚመስል ድካም ያመጣሉ። አጎትሽም አብረውሽ ቢገቡ መልካም ነው፤ የወሰዱትን መድኃኒትና የታመሙበትን ሁኔታ ከራሳቸው አፍ ቢሰማው ሐኪሙ ይጠቀምበታል።